«እርባታ» ወይስ «መራባት»፦ የዱር አዕዋፍን በሚመለከቱ ሙያዊ ቃላት ላይ

ስለ ዱር አዕዋፍ በተተረጐመ ጽሑፍ ውስጥ «የእርባታ ስኬት» የሚል ሐረግ ሲያጋጥመን እንቸገራለን። «እርባታ» ለከብት፣ ለዶሮና ለንብ የተለመደ ቃል በመሆኑ አንባቢው አርቢውን ይፈልጋል፤ የዱር ወፍ ግን አርቢ የላትም። ስለዚህ «መራባት»ን እንመርጣለን።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን «ስኬት» የተባለው ነው። በእንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ አጠገብ ባለው በዋይተም ደን፣ ግሬት ቲት የምትባል ትንሽ ወፍ የምትራባበት ሁኔታ ከ1947 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲጠና ቆይቷል። ወፏ ጫጩቶቿን በይበልጥ የምትመግበው በባሉጥ (ኦክ) ዛፍ ቅጠል ላይ የሚገኘውን አባጨጓሬ ነው። አባጨጓሬው የሚበዛው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲሆን፣ ሙቀቱ ቀድሞ ሲገባ እርሱም ይቀድማል፤ በዚህም ምክንያት ወፏ ዛሬ እንቁላል የምትጥለው ከ1960ዎቹ ይልቅ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድማ ነው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ብርድና ዝናብ ከበረታ ግን እናትና አባት ምግብ ማግኘት ይሳናቸዋል። በከተማ የአትክልት ቦታ የምትኖረውም፣ አባጨጓሬ ስለሚያንሳት፣ የምታሳድጋቸው ጫጩቶች ከደኗ ወፍ ያነሱ ናቸው።

እንግዲህ አንዲት ወፍ ዘጠኝ እንቁላል ጥላ፣ ስምንት ፈልፍላ፣ አራት ብቻ ቢበርሩላት «ስኬቷ» ስንት ነው? ተርጓሚው «የተፈለፈሉ» ብሎ ከጻፈ ብርዱ ያደረሰው ጉዳት በሙሉ ከጽሑፉ ይጠፋል። አማርኛ «መጣል»፣ «መታቀፍ»፣ «መፈልፈል» የሚሉትን ደረጃዎች አጥርቶ ይለያል። ለመጨረሻው ደረጃ «ያደገ ጫጩት» ማለት ዕድሜን እንጂ ከጎጆ መውጣትን አያመለክትም፤ «ለበረራ የበቃ ጫጩት» የሚለውን እናቀርባለን። ጠቅላላው ስያሜም «የመራባት ውጤት» ቢሆንና የተቈጠረው ደረጃ አብሮ ቢገለጽ ይሻላል።

«የአየር ጠባይ»ና «የአየር ንብረት» መምታታት የለባቸውም፤ የአንድ ሳምንት ብርድ የመጀመሪያው ነው፣ የመጣያውን ጊዜ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ያሸጋሸገው ሁለተኛው ነው። «መኖሪያ» ብቻውን ጎጆ ሊመስል ስለሚችል «መኖሪያ አካባቢ» ይባል።

ወቅቱን በተመለከተ «ፀደይ» በአቈጣጠራችን ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 በመሆኑ ከአውሮፓው ወቅት ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን ለብዙ አንባቢ ፀደይ ማለት የመስከረም አደይ አበባ ነው (መፀው መባሉን የሚያስታውስ ጥቂት ነው)። በዚህ ጊዜ «በሚያዝያና በግንቦት» ብሎ ወሩን መጻፍ ይቀላል።