ከስልኬ ስሰርዘው ከላፕቶፔም ጠፋ

አያቴ እሁድ እሁድ ከጎንደር ትደውልልኛለች። ስናወራ የማላውቀው ቃል ከሰማሁ ወዲያው ስልኬ ላይ እጽፈዋለሁ። አንድ ቀን «ዛሬ ውል ብለሽኝ ነው የደወልኩት» አለችኝ። «ውል አለኝ» ማለት «ትዝ አለኝ፣ ናፈቀኝ» ማለት እንደሆነ የተማርኩት ያኔ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ300 በላይ ቃላት አጠራቀምኩ።

ስልኬ ላይ የምጽፈው ማስታወሻ ላፕቶፔና ታብሌቴ ላይም ይታያል። ይህ ማመሳሰል ይባላል። ማስታወሻው በኢንተርኔት ወደ አገልግሎቱ ኮምፒውተር ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ሌሎቹ መሣሪያዎች ይደርሳል። እኔም «ሦስት ቦታ ስላለ አይጠፋም» ብዬ ተማምኜ ነበር።

አንድ ቀን ስልኬ ሞላ። «ላፕቶፔ ላይ አለ» ብዬ ማስታወሻውን ከስልኬ ሰረዝኩት። ከዚያ የፈተና ጊዜ መጣ። ከወር በላይ ቆይቼ ላፕቶፔን ስከፍት ቃላቱ የሉም!

ለካ ማመሳሰል እንደ መስታወት ነው። አንዱ መሣሪያ ላይ የጻፍነው ሁሉም ላይ ይታያል፤ ከአንዱ የሰረዝነውም ከሁሉም ይጠፋል። እርግጥ የተሰረዘ ማስታወሻ ለጥቂት ጊዜ መጣያ ውስጥ ይቆያል፤ በጎግል ኪፕ 7 ቀን፣ በአፕል ኖትስ ደግሞ 30 ቀን ያህል። እኔ ግን ዘግይቼ ነበር።

ታብሌቴ ትዝ አለኝ። ማስታወሻውን ከመሰረዜ በፊት ባትሪው አልቆ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ መሰረዙን ገና «አልሰማም»። መጀመሪያ የቤቱን ዋይፋይ አጠፋሁ። ከዚያ ታብሌቱን ቻርጅ አድርጌ ከፈትኩት። ቃላቱ በሙሉ አሉ! ኢንተርኔት ቢያገኝ ኖሮ እነሱም ይጠፉ ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ደብተር ላይ ገለበጥኳቸው።

አሁን በየወሩ ማስታወሻዬን እንደ ፋይል አውጥቼ ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ። ይህ ምትኬ ይባላል። ፍላሹ ከስልኬ ጋር ስለማይመሳሰል፣ ስልኬ ላይ በስህተት ብሰርዝ እንኳ እሱ ላይ ያለው አይነካም።

የሆነውን ለአያቴ ስነግራት ሳቀች። «ቃሉ ቢጠፋብሽ እኔ አለሁልሽ አይደል?» አለችኝ። አዎ፣ አለችልኝ። ግን 84 ዓመቷ ነው።

እናንተም ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ምትኬ አስቀምጡለት። ደብተርም ይሆናል።