«ጨውና ዘይት ቀንሺ» ሲባል ስንት ነው?

በሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ

የትምህርት ክፍላችን ልጆች በዚህ ገጽ ላይ ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ስለ ኤፍ ኤም ሬዲዮ፣ ስለ ፍቅር ሳይቀር ጽፈዋል። እኔ ዛሬ ስለ ወጥ ልጽፍ ነው። አትሳቁ፤ ነገሩ የጀመረው ከጤና ጣቢያ ነው።

ባለፈው ዓመት እናቴ ራስ ምታት ሲመላለስባት ሄዳ ታየች። የደም ግፊቷ ሲለካ 158 በ96 ሆነ። በሌላ ቀን ተመልሳ ስትለካም ብዙ አልወረደም። እንደሚታወቀው አንድ ትልቅ ሰው በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት አለበት ይባላል። መድኃኒት ተጻፈላት፤ ቀጥሎም «ጨውና ዘይት ቀንሺ» ተባለች፤ አለቀ። ስንት ትቀንስ? ከየትኛው ምግብ? በምን ትለካ? የነገራት የለም። ከኋላዋ ወረፋው ረጅም ስለነበር እሷም አልጠየቀችም። እኛን መምህሮቻችን ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉት ሳይመለሱ ዜና አትጻፉ ይሉናል። ያ ምክር «እንዴት» የጎደለው ዜና ነበር።

እማዬ ታዲያ እንደገባት አደረገች። ለራሷ አንዲት ትንሽ ድስት ለየች። ጨው የለው፣ ዘይት የለው፣ ምስሩ ተቀቅሎ ብቻ። እኛ አራታችን ከትልቁ ትሪ ስንበላ እሷ በሳህን ለብቻዋ ትበላለች። ከአንድ ትሪ በሚበላ ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ልናጎርሳት ስንል እንኳ «ተዉኝ፣ የናንተ ጨው አለው» ትላለች። እኔ ወደ ግቢ ተመለስኩ። ለሴሚስተር ዕረፍት ስመጣ ትንሿ ድስት መደርደሪያው ላይ ተደፍታለች፤ እማዬም ከኛው ትሪ ትበላለች፤ ወጡ ግን ያው የድሮው ወጥ ነው። ስጠይቃት «ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ» አለችኝ።

እኔን ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ለበሽተኛ ተብሎ የተለየ ድስት አይከርምም። ቢከርምም የሚጠቅመው አንድ ሰው ነው፤ የአባቴ ደም ግፊት ግን አንድም ቀን ተለክቶ አያውቅም፤ ሕመሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ነው የሚቆየው። ስለዚህ ትልቁ ድስት ይለወጥ አልኩ። እሱ እንዴት እንደሚለወጥ ላስረዳ።

መጀመሪያ መለካት ነው። እማዬ እንደ አብዛኞቹ እናቶች ዘይት የምትጨምረው በዓይኗ ነው። ጀሪካኑን ዘንበል ታደርጋለች፣ ድስቱን ታያለች፣ ቀና ታደርጋለች። ለአምስት ሰው ምስር ወጥ ልትሠራ ስትነሳ «እማዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ቅጂው» አልኳት። «አንተ ልጅ፣ የላክንህ ጋዜጠኝነት ልትማር ነው ወይስ ወጥ ልትሠራ?» አለችኝ፤ ቢሆንም ቀዳችው። በሾርባ ማንኪያ ስሰፍረው 16 ሆነ። አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ እንግዲህ 16ቱ ሩብ ሊትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። አንዱ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ኃይል አለው። ለአምስት ሲካፈል፣ ከአንድ ወጥ ዘይት ብቻ ለእያንዳንዳችን ወደ 380 ካሎሪ ይደርሰናል ማለት ነው። እንጀራውና ምስሩ ገና አልተቆጠሩም።

ለዚያውም ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። የጾም ምግብ ቀላል ነው እንላለን፤ እውነትነትም አለው። ምስሩ፣ አተሩ፣ ሽምብራው፣ ጎመኑ፣ ሁሉም ጥሩ ምግብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቅቤ የለቀቀውን ቦታ ዘይት እጥፍ አድርጎ ሲይዘው ነው። 55 ቀን ሙሉ በዚህ ዓይነት ስንበላ ከርመን ለፋሲካ «ጾሙ ጎዳኝ፣ ከሳሁ» የሚል ሰው ሳይ እኔ በበኩሌ ይገርመኛል።

የዘይቱ ዓይነትም ለውጥ አለው። ብርድ ሲሆን የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ፣ ባለሙያዎች ሳቹሬትድ የሚሉት፣ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግ ቅባት ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት በዚህ በኩል በጣም ይሻላሉ። ሆኖም በካሎሪ ከሄድን ሁሉም እኩል ናቸው፤ የኑግ ዘይት ስለሆነ እንደልብ ይፈሳል ማለት አይደለም። ዋጋቸውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። የሚረጋውን ከመግዛት ሌላ አማራጭ የሌለው ቤት ቢያንስ መጠኑን ቢቀንስ ጤናውም ኪሱም ይጠቀማል።

እንዴት ይቀንስ ለሚለው መልሱ ያለው ቁሌቱ ላይ ነው። ይህንን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ «እናቴ እንዲህ ነበር የምትሠራው፣ ዘይት እንደዛሬ በጀሪካን አልነበረም» ብላ ያሳየችኝ ራሷ እማዬ ናት። ሽንኩርቱ ደቆ ይከተፍና በደረቅ ድስት፣ ያለ ምንም ዘይት፣ መጠነኛ እሳት ላይ ይጣዳል። ሽንኩርት ከክብደቱ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ውሃ ስለሆነ በራሱ ውሃ ይበስላል። ውሃው እስካለ ድረስ አይጠቁርም። ሲያልቅ ድስቱን መያዝ ይጀምራል፤ ይሄኔ ብዙዎቻችን ደንግጠን ዘይት እንገለብጣለን። የአያቴ ዘዴ ግን ሙቅ ውሃ ጠብ ማድረግና በማማሰያ ድስቱን ፋቅ ፋቅ ማድረግ ነው። ድስቱ ላይ የያዘው ቡናማ ነገር ተላቅቆ ከሽንኩርቱ ጋር ይዋሃዳል፤ የወጡ ጣዕም አንዱ ምንጭ እሱ ነው። እንዲህ እያደረጉ 20 ደቂቃም 30 ደቂቃም ቢቆዩ ሽንኩርቱ ቀልቶና ለስልሶ ይወጣል፤ እስካሁን አንድ ጠብታ ዘይት አልገባም።

ዘይቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ፣ በርበሬው ሊጨመር ሲል ነው። ጨርሶ ይቅር አልልም። የበርበሬ ቀለምና ማቃጠያው የሚሟሙት በቅባት ውስጥ ስለሆነ ያለ ዘይት የተሠራ ቀይ ወጥ ቀለሙ አይወጣም፣ በርበሬ በርበሬም ይላል። የእማዬ ትንሿ ድስት ያላስበላችው አንዱም በዚህ ነው። ነገር ግን በርበሬን ለማብሰል 16 ማንኪያ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ሳምንት 12 አደረግነው፣ ቀጥሎ 9፣ አሁን 6 ላይ ነን። ከ16 ወደ 6 ሲወርድ ለአንድ ሰው ከአንድ ወጥ 240 ካሎሪ ቀነሰ ማለት ነው። ታናሽ ወንድሜ እስከ 9 ድረስ ምንም አልታወቀውም፤ 6 ላይ ስንደርስ «ዛሬ ወጡ ደረቀ» አለ፤ ትንሽ ውሃ ጨመርንና ተስማማ።

ወደ ጨው ልለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ተደርጎ ሲሰፈር የሚይዘው ይህንኑ ያህል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ይህ እንግዲህ የቀኑ ጨው በሙሉ ነው፤ የዳቦው፣ የፍርፍሩ፣ የሽሮው ተደምሮ። እማዬ «እኔ እኮ ጨው አልወድም፤ ምግብ ላይ ነስንሼ አላውቅም» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ነገር ግን በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገብቶበታል። በኛ ቤት ሽሮው ሲፈጭም ጨው ይገባበታል። ከዚያ ድስቱ ላይ ይጨመራል፤ ሲቀመስ «አነሰው» ተብሎ ይደገማል። አንዳንድ ቀን በካሬ የሚሸጠው የወጥ ማጣፈጫም ጣል ይደረጋል፤ እሱ ደግሞ ትልቁ ድርሻው ጨው ነው። አንድ ወጥ አራት ጊዜ ጨው በላ፤ እማዬ ግን የምትቆጥረው አንዱን ብቻ ነው።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። የካሬው ማጣፈጫ ቀረ። ጨው ድስቱ ከመውጣቱ በፊት፣ መጨረሻ ላይ ብቻ፣ በሻይ ማንኪያ ተለክቶ ይገባል። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ መጀመሪያ ላይ ልክ የነበረ ጨው ወጡ ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ይበዛል። ሁለተኛ፣ አዮዲን ያለበት ጨው ብዙ ሲንተከተክ አዮዲኑ ይቀንሳል። በሀገራችን እንቅርት ብዙ ሰው የጎዳ ችግር በመሆኑ፣ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው እ.ኤ.አ. በ2011 ደንብ ወጥቷል። ስለዚህ የምንቀንሰው መጠኑን እንጂ አዮዲን ያለውን ጨው ትተን ወደ ሌላ መሄድ የለብንም። ጨው ሲቀንስ የሚጎድለውን ጣዕም ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ሎሚ ይሸፍኑታል፤ መከለሻውን ከፍ ማድረግም ይቻላል። ምላስም ይለምዳል፤ ጥቂት ሳምንት ነው የሚፈጅበት። እማዬን የጎዳት በአንድ ቀን ከድሮው ጨው ወደ ባዶ መዝለሏ ነበር። በነገራችን ላይ መድኃኒቷን አላቋረጠችም፤ ወጥ የክኒንን ቦታ አይተካም።

ጎመኑን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ብዙ ውሃ ውስጥ ቀቅለን ውሃውን ስንደፋ ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት አብረው ይደፋሉ። በጥቂት ውሃ፣ ተከድኖ፣ ሳይበዛበት ይብሰል። ስኳርንማ ራሳችሁ ቁጠሩት፤ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ የምታደርጉና በቀን ሦስት ብርጭቆ የምትጠጡ ከሆነ ዘጠኝ ማንኪያ ነው፤ 36 ግራም ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ25 ግራም ባይበልጥ ይሻላል ይላል።

«ይህ ሁሉ ማጀት ላለው ሰው ነው፤ እኛ ነን-ካፌዎቹስ?» የሚል ይኖራል። ከግቢ በር ፊት ለፊት ያሉት ምግብ ቤቶች ሽሮ ሲያቀርቡ ዘይቱ እየተንተከተከ ነው የሚመጣው፤ እኛም «አሪፍ ሽሮ ነው» እንላለን። ሁለት ነገር ሞክሬ ሠርቶልኛል። አንዱ «ዘይት ሳታበዢበት» ብሎ አስቀድሞ ማዘዝ ነው፤ አስተናጋጆቹ መጀመሪያ ገርሟቸው ነበር፣ አሁን ለምደውኛል። ሌላው በያይነቱ አዝዞ ከጎመኑ፣ ከቀይ ሥሩና ከሰላጣው አብዝቶ መብላት ነው። ዶርም ውስጥ ተደብቃችሁ በምድጃ ፍርፍር ለምትሠሩት (ስም አልጠራም) ከላይ ያለው የደረቅ ቁሌት ነገር ለናንተም ይሠራል፤ ዘይት ለወር ትቆጥባላችሁ።

የከበደኝ ግን የእንግዳ ነገር ነው። አንድ እሑድ ጎረቤቶቻችን ምሳ ተጠሩ። እማዬ ማንኪያውን ወደ ጎን አስቀምጣ ጀሪካኑን አነሳች። «እማዬ!» ስላት «ዘይት ያልተንሳፈፈበት ወጥ ለሰው አቅርቤ ቆጣቢ ልባል?» አለችኝ። ልክ ናት። በኛ ሰፈር ከወጡ ላይ የሚታየው ዘይት አክብሮት ነው፤ እዚህ ላይ ስለ ካሎሪ ብናገር የሚሰማኝ የለም። ትንሽ ከተከራከርን በኋላ ተስማማን። ከስድስቱ ማንኪያ አራቱ በርበሬው ሲቁላላ ገባ፤ ሁለቱ ቀረና ወጡ ሊወጣ ሲል ከላይ ፈሰሰ። ያው ስድስት ነው፣ ግን ከላይ ያብረቀርቃል።

ሲበሉ እኔ በር ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። አንዷ ጎረቤታችን ጠቅሳ ጎረሰችና «ምን አድርገሽበት ነው ዛሬ የጣፈጠ?» አለቻት። እማዬ ከትሪው ሳትነሳ ወደኔ ዞር ብላ አየችኝና «የእናቴ አሠራር ነው» አለች።