አምስት ነደባ፣ ሦስት ዓይነት ገላጭ

በጌይ ሲናን፣ ማለትም በሐረሪ ቋንቋ፣ ገላጭ ቃል እንደ አማርኛው ከሚገልጸው ስም ይቀድማል። ስለ ቦታው ይህ ይበቃል፤ ቁም ነገሩ ያለው ዓይነቱ ላይ ነው።

ለዚህ ከጌይ ጋር፣ ከባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ የተሻለ መማሪያ አይገኝም። በዋናው ክፍል አምስት ነደባዎች (መደቦች) አሉ፤ ስማቸው ራሱ የሰዋስው ትምህርት ነው። ጊድር ነደባ ትልቁ፣ ጢት ነደባ ትንሹ ነው። ሱትሪ ነደባ የተከለለው ሲሆን፣ ቃሉ ከዓረብኛው የመሸፈን ሥር ጋር ይዛመዳል። እነዚህ እውነተኛ ቅጽሎች ናቸው። ገብቲ ኤሔር ነደባ «ከበሩ ኋላ ያለው» ነው፤ እዚህ ሙሉ ሐረግ የቅጽልን ሥራ ይሠራል።

አሚር ነደባ ግን ብዙዎችን ያሳስታል። «አሚር» ቅጽል ሳይሆን ስም ነው። ስሙን የሰማ እንግዳ ቦታው ለሐረር ከተማ ገዢ የተጠበቀ ይመስለዋል፤ የሚቀመጥበት ግን የቤቱ አባወራ ነው። የሐረር አሚሮች አገዛዝ በ1879 ዓ.ም. ቢያከትምም መደቡ ስሙን አልለወጠም። የቅጽልንና የስምን ልዩነት መፈተን ቀላል ነው፤ «በጣም ትልቅ መደብ» ይባላል፣ «በጣም አሚር መደብ» አይባልም።

ጃፓንኛ ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳያል። «ታካይ» (ከፍ ያለ) እንደ ግስ ይረባል፤ «ከፍ ያለ ነበር» ለማለት «ታካካታ» ይሆናል። «ሺዙካ» (ጸጥ ያለ) ከስም በፊት ሲውል «ና»ን ያስከትላል። ስም ስምን ሲገልጽ ደግሞ በመካከል «ኖ» ይገባል። አማርኛ ለዚህ «የ» አለው። የሐረር ስያሜዎች ግን ምንም ሳይጨምሩ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ጌይ ሲናን ራሱ «የከተማ ቋንቋ» ማለት ነው፤ በሐረር ከተማ ያለው ፈረስ መጋላም የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ጊድር መጋላ በመልኩ ከዚህ አይለይም፤ ሆኖም «ጊድር» ቅጽል ስለሆነ ፍቺው «ትልቁ ገበያ» ነው።

ይህን ያልተረዳ ሰው «ጊድር መጋላ ገበያ» እያለ ገበያውን ሁለት ጊዜ ይጠራል። የሐረር ግንብ በሆነው በጀጎል በሮችም ላይ ያው ስሕተት ይደገማል፤ «በሪ» በር ነውና «አስማዲን በሪ በር» አይባልም። «አስማዲን በሪ» ወይም በአማርኛ ስሙ «ሸዋ በር» ማለት ይበቃል።