ለሰባት ዓመታት ሳይዘጋ የቆየው በር፦ የኔትወርክ ‘ስዊቾች’ ሶፍትዌር ለምን መታደስ አለበት?

እአአ ሚያዝያ 2018 በአንድ አርብ ምሽት በኢራን የሚገኙ የመረጃ ማዕከላት በድንገት ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። በተጠቁት መሣሪያዎች ላይ የነበረው ቅንብር ተደምስሶ፣ በምትኩ በፊደላትና በምልክቶች የተሣለ የአሜሪካ ባንዲራ እንዲሁም በምርጫችን ጣልቃ አትግቡ የሚል ማስጠንቀቂያ ሰፍሮ ነበር።

የአገሪቱ የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር በወቅቱ እንዳስታወቀው፣ ጥቃቱ በመላው ዓለም 200 ሺህ ያህል መሣሪያዎችን የነካ ሲሆን 3,500 የሚሆኑት በኢራን የሚገኙ ነበሩ።

የመሣሪያዎቹ አምራች ሲስኮ ግን ማስጠንቀቂያውንና የሶፍትዌር መጠገኛውን ይፋ ያደረገው ጥቃቱ ከመድረሱ ዘጠኝ ቀናት አስቀድሞ፣ መጋቢት 28 ነበር። አንዳንድ ድርጅቶች በኢራናውያን አዲስ ዓመት የበዓል ሰሞን መጠገኛውን ሳይጭኑ መቅረታቸውን ባለሥልጣናቱ ገልጸዋል።

ለመሆኑ እነዚህ መሣሪያዎች ምንድን ናቸው? ሶፍትዌራቸውን ሳያድሱ መቆየትስ ምን ያስከትላል?

ስዊች ምንድን ነው?

ስዊች በአንድ ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችን፣ ስልኮችን፣ ካሜራዎችንና ማተሚያዎችን በገመድ የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። ራውተር አንዱን ኔትወርክ ከሌላው ሲያገናኝ፣ ስዊች በአንድ ኔትወርክ ውስጥ የሚመላለሰውን መረጃ ለትክክለኛው ተቀባይ ያደርሳል።

ተራው ስዊች ገመድ ሲሰካበት ወዲያውኑ ይሠራል፤ የሚስተካከል ነገር የለውም። ባለሙያዎች ‘ማኔጅድ’ የሚሉት ሁለተኛው ዓይነት ግን የራሱ ሶፍትዌር ያለውና ከርቀት የሚታዘዝ ነው። በሌላ አባባል ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው። እንደ ማንኛውም ኮምፒውተርም ሶፍትዌሩ ስህተት አያጣውም።

ይህ ሶፍትዌር የሚሰጣቸው አገልግሎቶች በርካታ ናቸው። ከዋነኞቹ አንዱ ‘ቪላን’ ይባላል። አንድን ስዊች፣ የተለያዩ ስዊቾች የሆነ ያህል ይከፋፍለዋል። በዚህም የአንድ ባንክ የሂሳብ ክፍል ኮምፒውተሮች እና ለደንበኞች የተዘጋጀው ዋይፋይ አንድ መሣሪያ ቢጋሩም እርስ በርስ አይተያዩም።

ሌላው ‘ስፓኒንግ ትሪ’ ነው። ሁለት ስዊቾች ከአንድ በላይ በሆነ ገመድ ሲገናኙ መረጃው ማቆሚያ በሌለው ዙሪት ውስጥ ሊገባና ኔትወርኩን ሊያጨናንቅ ይችላል። አሜሪካዊቷ መሐንዲስ ራዲያ ፐርልማን እአአ በ1985 የነደፈችው ይህ ስልት፣ ትርፍ የሆነውን መስመር ለጊዜው ይዘጋል፤ ዋናው ሲበጠስ ደግሞ ይከፍተዋል።

ሥርዓቱ ሲዛባ የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። እአአ ኅዳር 2002 በቦስተን የሚገኘው ቤዝ እስራኤል ዲኮነስ ሆስፒታል ኔትወርክ ስፓኒንግ ትሪ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ተለጥጦ ወደቀ። ሐኪሞችና ነርሶች ለቀናት የምርመራ ትዕዛዝና ውጤት በወረቀት ለመጻጻፍ ተገድደዋል።

ክፍተቱ ምን ነበር?

እአአ በ2018 ለጥቃት በር የከፈተው ‘ስማርት ኢንስቶል’ የተሰኘ አገልግሎት ነው። የተፈጠረው ለበጎ ዓላማ ነበር፤ አዲስ ስዊች ወደ ቅርንጫፍ ቢሮ ሲላክ ባለሙያ አብሮት መሄድ ሳያስፈልገው፣ ሶፍትዌሩንና ቅንብሩን ከማዕከል ራሱ እንዲያወርድ ያስችላል።

ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ትዕዛዝ የሚልክለትን አካል ማንነት አያጣራም፤ የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። በዚህ ላይ ተመራማሪዎች በሶፍትዌሩ ውስጥ አንድ ከባድ ስህተት አገኙ። ከአሥር 9.8 የአደገኛነት ነጥብ የተሰጠው ይህ ስህተት፣ ሩቅ ያለ ሰው መሣሪያውን እንዲያጠፋ ወይም የራሱን ትዕዛዝ እንዲያስፈጽም ዕድል ይሰጣል።

ብዙ ድርጅቶች ይህን አገልግሎት ፈጽሞ አይጠቀሙበትም። ነገር ግን በበርካታ ሞዴሎች ላይ ከመነሻው ክፍት ሆኖ ስለሚመጣ፣ መኖሩን ሳያውቁ ለጥቃት ተጋልጠዋል።

ከሰባት ዓመታት በኋላ

ጉዳዩ እአአ በ2018 አላበቃም። ነሐሴ 2025 የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ)፣ የሩሲያ የደኅንነት ተቋም ኤፍኤስቢ ‘ማዕከል 16’ የተባለው ክፍል ይህንኑ አሮጌ ክፍተት እየተጠቀመ መሆኑን አስጠንቅቋል። ቢሮው እንዳለው ጠላፊዎቹ ከአሜሪካ ተቋማት ጋር የተያያዙ በሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን የቅንብር ፋይል ሰብስበዋል።

የሲስኮ የደኅንነት ተመራማሪዎች በበኩላቸው የቡድኑ ዒላማዎች በሰሜን አሜሪካ፣ በእስያ፣ በአፍሪካና በአውሮፓ የሚገኙ የቴሌኮም፣ የከፍተኛ ትምህርትና የማምረቻ ተቋማት መሆናቸውን ገልጸዋል።

የኢራኑ ጥቃት ራሱን በባንዲራ ያሳወቀ ነበር። ይህኛው ግን ድምፅ የለውም። የቅንብር ፋይል የኔትወርኩን ካርታ፣ አንዳንዴም የይለፍ ቃላትን ይይዛል። ሰራቂው ፋይሉን ገልብጦ ሲወጣ ሥራው አይስተጓጎልም፤ መብራቱም እንደወትሮው ብልጭ ድርግም ማለቱን ይቀጥላል።

ለምን አይታደስም?

አንደኛው ምክንያት ሥራ መቋረጡ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ሶፍትዌር ሥራ የሚጀምረው ስዊቹ ጠፍቶ ሲነሳ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ከሥሩ ያለው ሁሉ ይቋረጣል፤ ኃይል የሚያገኙት በኔትወርክ ገመድ ከሆነ ስልኮችና ካሜራዎችም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ ሥራው ለሌሊት ወይም ለበዓል ይቀጠራል፤ ቀጠሮውም ይራዘማል።

ሁለተኛው የዕድሜ ጉዳይ ነው። አምራቾች አንድን ሞዴል መደገፍ የሚያቆሙበት ጊዜ አላቸው። መሣሪያው ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ያለ እንከን ሊሠራ ይችላል። ያገለገለ ስዊች የሚገዛ ተቋም ዋጋው ቢቀንስለትም፣ ድጋፉ ያበቃ መሣሪያ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው ደግሞ ተጠያቂነት ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ስዊቹን የተከለው ተቋራጭ ይከታተለዋል ይላል፤ ተቋራጩ ደግሞ ውሉ አብቅቷል። መሣሪያው ማንም ኃላፊነት ሳይወስድበት በቁም ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው እርምጃ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በተቋሙ ውስጥ ያሉትን ስዊቾች ሞዴልና የሶፍትዌር ስሪት መዝግቦ፣ የድጋፍ ጊዜያቸው ማብቃት አለማብቃቱን ከአምራቹ መረጃ ጋር ማመሳከር ነው።

ማሻሻያ ከመጫኑ በፊት የነበረውን ቅንብር በሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ፋይሉ ከአምራቹ የመጣና ያልተበረዘ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከተቻለም በቅድሚያ በአንድ መሣሪያ ላይ መሞከር ይገባል። ይህ ካልተደረገ ጥገናው ራሱ የብልሽት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ማሻሻያ የማያገኙ አሮጌ መሣሪያዎችን መተካት ዋነኛው መፍትሔ ነው። እስኪተኩ ድረስ ግን የማያስፈልጉ አገልግሎቶችን መዝጋት አደጋውን ይቀንሳል። ስማርት ኢንስቶል በብዙ ስዊቾች ላይ በአንድ መስመር ትዕዛዝ ይጠፋል። የመቆጣጠሪያ ገጹም ከበይነ መረብ በቀጥታ እንዳይደረስበት ማድረግ ያስፈልጋል።

ማሻሻያ ካደረጉ በኋላም ቢሆን የይለፍ ቃላትን መቀየር ተገቢ ነው። መጠገኛው በሩን ይዘጋል እንጂ ቀድሞ ገልብጦ የወጣውን ሰው ቁልፍ አያስመልስም።