ጆሮ ሲጮህ፣ ምድር ስትዞር

በልጅነታቸው ጆሯቸው ይመግል የነበረ፣ ካደጉ በኋላ ደግሞ ጆሯቸው ጭው የሚልባቸውና ራሳቸውን የሚያዞራቸው ሰዎች በመካከላችን ጥቂት አይደሉም። «የልጅነቱ ሕመም ድሮ ድኗል» ብለው ስለሚያስቡም ሁለቱን አያገናኙአቸውም። አንዱ ደም ማነስ ነው ይላል፤ ሌላው ጭንቀት ነው ይላል፤ መንፈስ ነው የሚልም አይጠፋም። በትዳር ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሚስት «ስናገር ከቁም ነገር አይቆጥረኝም» ስትል፣ ባል «ሁልጊዜ ትጮኽብኛለች» ይላል። ነገሩ ቅያሜ ከመሆኑ በፊት ግን መታየት ያለበት ጆሮ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ሥራ ያለው አካል

ጆሮ ውጫዊ፣ መካከለኛና ውስጠኛ ተብሎ በ3 ይከፈላል። መካከለኛው ክፍል ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ የሚገኝ ሲሆን፣ 3 ትንንሽ አጥንቶችን ይዟል፤ በቀጭን ቱቦም ከጉሮሮ ጋር ይገናኛል። ይህ ቱቦ በሕፃናት ላይ አጭርና አግድም ስለሆነ ጉንፋን ሲይዛቸው ጆሯቸው በቀላሉ ይታመማል። ውስጠኛው ክፍል ደግሞ ቀንድ አውጣ የሚመስለውን የመስሚያ አካልና የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቁ ቱቦዎችን ይዟል። ሁለቱም በፈሳሽ የተሞሉና እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ጆሮ ሲጎዳ መስማትና ሚዛን አብረው የሚናወጡት በዚህ የተነሣ ነው። በጥንት ጊዜ ማዞር የአንጎል በሽታ ብቻ ይመስል ነበር። ከውስጠኛው ጆሮም ሊመጣ እንደሚችል ያስረዳው ፈረንሳዊው ሐኪም ፕሮስፔር ሜኒዬር ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1861 ነበር።

ምክንያቶቹ ምን ሊሆኑ ይችላሉ?

የመጀመሪያው ያልተደፈነ የታምቡር ቀዳዳ ነው። መግል ታምቡሩን ቀድዶ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው በራሱ ይዘጋል፤ በተደጋጋሚ ሲመግል ግን ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው የመስማት ኃይሉ ይቀንሳል፤ የውጭው ድምፅ ሲቀንስም የጆሮው ጩኸት ይበልጥ ይሰማዋል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባበት ደግሞ ሊያዞረው ይችላል። ሮበርት ባራኒ የተባለው ሐኪም ጆሯቸው በውኃ የሚታጠብላቸው ሕሙማን የሚያዞራቸው በውኃው ሙቀትና ቅዝቃዜ ምክንያት መሆኑን ደርሶበት፣ በሚዛን አካል ላይ ላደረገው ጥናት የ1914 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ሁለተኛው ኮሌስቴያቶማ ይባላል። ስሙ ቢከብድም፣ ነገሩ ቆዳ በማይገኝበት በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ የሚያድግ የቆዳ ክምችት ነው። ካንሰር አይደለም፤ ነገር ግን ቀስ በቀስ አጥንት ይበላል። የሚዛኑን ቱቦ የከበበውን አጥንት ሲሸረሽር ሰውየው ጆሮውን ሲጫን ወይም ከፍተኛ ድምፅ ሲሰማ ያዞረዋል። ዋነኛ ምልክቱ መጥፎ ሽታ ያለውና የማያቋርጥ ፈሳሽ ነው። ጠብታ ብቻውን አያድነውም፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው በውስጠኛው ጆሮ ላይ የቀረ ጉዳት ነው። ኢንፌክሽኑ ወይም የጀርሙ መርዝ ወደ ውስጥ አልፎ ድምፅ የሚቀበሉትን ጥቃቅን ሕዋሳት ሊያጠፋ ይችላል። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። አንጎልም የጎደለውን ድምፅ በራሱ ጩኸት የሚሞላው ይመስላል። አልፎ አልፎም በልጅነት በተጎዳ ጆሮ ውስጥ ከብዙ ዓመታት በኋላ የፈሳሹ ግፊት ጨምሮ ለሰዓታት የሚቆይ ብርቱ ማዞር ይነሣል።

አራተኛው መድኃኒት ነው። ጄንታማይሲን፣ እንዲሁም ቀድሞ ለሳንባ ነቀርሳ በብዛት ይሰጥ የነበረው ስትሬፕቶማይሲን ውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ። በልጅነት ብዙ መርፌ የወሰደ ሰው ይህን ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል።

አምስተኛው ሌላ የልጅነት በሽታ ነው። ጆሮ ደግፍ ከስሙ የተነሣ የጆሮ ሕመም ይመስላል፤ በእርግጥ የምራቅ ዕጢ እብጠት ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ አንዱን ጆሮ ያደነቁራል። ኩፍኝና ማጅራት ገትርም በመስማት ላይ ጉዳት ያደርሳሉ።

በመጨረሻም፣ ከድሮው ሕመም ጋር የማይገናኝ ምክንያት ሊኖር ይችላል። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ከ1 ደቂቃ ላነሰ ጊዜ የሚያዞር ከሆነ፣ በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከቦታቸው ተነቅለው ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሐኪም ራስን በተወሰነ ቅደም ተከተል በማዟዟር ይመልሰዋል። ማይግሬን፣ ደም ማነስ፣ የደም ግፊት መድኃኒትና የተከማቸ ኩክም መመርመር አለባቸው።

ሳይዘገዩ ይሂዱ

ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት ከአንገት መድረቅ ጋር ከመጣ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ክንድ ወይም እግር ከዛለ፣ ወይም መስማት በድንገት ከጠፋ ለነገ አይባልም። በድንገት የጠፋ መስማት በቀናት ውስጥ ሲታከም የመመለስ ዕድሉ የተሻለ ነው። ከዚህ ውጭ ላለው የአንገት በላይ ሐኪም ጆሮውን በመሣሪያ ያያል፤ የመስማት ምርመራ ያዝዛል፤ ካስፈለገም ሲቲ ስካን ያስነሣል። ለበሽተኛ መጸለይ መልካም ነው፤ ጸሎት ግን ሐኪም ቤት ከመሄድ አያግድም።

ቀዳዳ ታምቡር በቀዶ ሕክምና ሊጠገን ይችላል። የመስሚያ መሣሪያ የውጭውን ድምፅ በማጉላት ጩኸቱን የሚያደበዝዝላቸው ብዙዎች ናቸው። ለቆየ ማዞርም የዓይን፣ የአንገትና የእርምጃ ልምምዶች አንጎል ሚዛንን እንደገና እንዲማር ይረዱታል።

በቤታችን ውስጥ

ጆሮን በክብሪት እንጨት ወይም በፀጉር ሽቦ መጎርጎር ይቅር። ዘይት፣ ወተት ወይም ነጭ ሽንኩርት በሚፈስ ጆሮ ውስጥ አይጨመር። ሐኪም ያዘዘውን ጠብታ ከመጨመር በፊት ጠርሙሱን በመዳፍ ይዞ ማሞቅ ማዞሩን ይከላከላል። የልጅ ጆሮ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከፈሰሰ «ሲያድግ ይተወዋል» አይባልም።

ባለትዳሮች ደግሞ እንዲህ ቢያደርጉ ይረዳል። የትዳር ጓደኛዎ በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማ ከሆነ በሚሰማው በኩል ይቀመጡ፤ ከጓዳ ሆነው ከመጣራት ፊት ለፊት ሆነው ይናገሩ። ለሚያዞረው ሰው ጨለማ ከባድ ነው፤ ሌሊት ትንሽ መብራት ይተዉለት፤ ባልተስተካከለ መንገድ ክንዱን ይያዙት። ጸጥታ ጩኸቱን ስለሚያጎላው በመኝታ ሰዓት ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ሬድዮ ሊያሳርፈው ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ሌላው ሰው የማይሰማውን ጩኸት «የለም» አይበሉት። ሐኪም ቤት ሲሄድም አብረውት ይሂዱ፤ እሱ ያልሰማውን እርስዎ ይሰሙለታልና።