መጀመሪያ ወደ ቀኝ

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ያለው ቤቴ እንግዳ አያጣም። ከአገር ቤት አዲስ ሰው ሲመጣ ከሲም ካርድና ከምንዛሪ በፊት የማስተምረው መንገድ መሻገርን ነው። ኬንያ ውስጥ መኪና የሚሄደው በግራ ስለሆነ ከእግረኛ መንገዱ ስትወርድ አጠገብህ የሚደርሰው መኪና የሚመጣው ከቀኝህ ነው። የእኛ ሰው አንገት ግን ሳያስበው ወደ ግራ ይዞራል። አገራችንም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ነበር የሚነዳባት፤ ያንን የሚያስታውስ ሰው ግን አሁን ስንት ይገኛል? መንገዱ አካፋይ ካለው ደግሞ መሀል ስትደርስ ቆም ብለህ ወደ ግራ ትዞራለህ። ቦዳቦዳ የሚባለውን የሞተር ብስክሌት ታክሲ ግን ይህ አይመለከተውም፤ በፈለገው በኩል ይመጣል።

የእህቴ ልጅ በመጣ ሰሞን መሀል ከተማ፣ ቶም ምቦያ ጎዳና አካባቢ ይዤው ወጣሁ። ቀለሙ ከጎማ ብዛት የደበዘዘ ዜብራ ላይ ሊገባ ሲል ክንዱን ያዝኩት። አንድ ማታቱ (የሕዝብ ሚኒባስ) ሙዚቃውን እያንባረቀ በፊታችን አለፈ።

«አክስቴ፣ ዜብራ ላይ እኮ ነን!»

«አንተ ታውቃለህ ልጄ፣ ሾፌሩስ?»

ሕጉ ከልጁ ጋር ነው፤ ዜብራ ላይ ቅድሚያ የእግረኛ ነው። ዜብራ የተጀመረው እንግሊዝ አገር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ተሞክሮ በ1951 በሕግ ጸደቀ። ቀለም የተቀባው አስፋልት ለሾፌሩ ከሩቅ እንዲታይ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም በ1934 ማቋረጫዎቹ አጠገብ ጥቁርና ነጭ ምሰሶ ላይ ብርቱካንማ ክብ ተሰቅሎ ነበር። ዘዴው ሁሉ የተመሠረተው ሾፌሩ አይቶ ይቆማል በሚለው እምነት ላይ ነው። ናይሮቢ ላይ ግን ሰው ዳር ቆሞ ይጠራቀማል፤ አሥር አሥራ አምስት ሲሆን አንዱ ደፋር እጁን ዘርግቶ ይገባል፣ ሌላው ይከተለዋል። እኔም እንግዶቼን ከሕዝቡ ጋር ነው የማሻግረው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ከፍ ተደርጎ የተሠራው ዜብራ ነው። ማቋረጫው ራሱ እንደ ጉብታ ሆኖ ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ይሆናል፤ እግረኛው ሳይወርድ ይሄዳል፣ መኪናው ግን መውጣትና መውረድ አለበት። ሾፌሩ ለእኔ ባያዝን ለባሌስትራው ያዝናል። ሕፃን ልጅ የያዘች እናት ወይም ጋሪ የሚገፋ ሰው በዚህ ሲሻገር ያየ፣ ሌላውን ዓይነት ለምን እንደሚሠሩት ይገርመዋል።

የትራፊክ መብራት ያለበትን ለእንግዳ ማስረዳት ያስቸግራል። አረንጓዴው ሰው በርቶልህ እያለ ትራፊክ ፖሊሱ መሀል ቆሞ መኪናውን በእጁ ይጠራዋል። ፖሊስ ካለ የሚሠራው እጁ እንጂ መብራቱ ስላልሆነ ልጁን «አምፖሉን ተወውና የሰውየውን እጅ እይ» አልኩት። የሚታጠፍ መኪናንም አትርሳ፤ ለአንተ የተከፈተው መብራት አንዳንዴ ለእሱም ተከፍቶለታል።

ትልቁ ጉዳይ የእግረኛ ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 የተመረቀው የቲካ አውራ ጎዳና ለከተማው በሚቀርበው ክፍል 8 መስመር አለው፤ ዳርና ዳር ያሉትን የአገልግሎት መንገዶች ሳይጨምር። እስኪ እናስላው። አንዱ አቅጣጫ 4 መስመር፣ እያንዳንዱ 3 ሜትር ተኩል ቢሆን 14 ሜትር ይሆናል። ጤነኛ ሰው በሰከንድ 1 ሜትር ከ20 ያህል ስለሚራመድ 12 ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር ማታቱ በዚያች 12 ሰከንድ 267 ሜትር ይጓዛል። ሩቅ ነው ብለህ የናቅከው መኪና መሀል መንገድ ላይ ይደርስብሃል ማለት ነው፤ አካፋዩ ጋ ከደረስክም ሌላ 14 ሜትር ይጠብቅሃል። ስለዚህ ቲካ መንገድ ላይ ክርክር አልወድም፤ ድልድዩ ላይ ውጡ ነው የምለው።

ግን ድልድዩን የሚሸሹትን ሰነፍ ብሎ የሚሳደብ ሰው ያናድደኛል። ከባድ መኪና ከሥሩ እንዲያልፍ ድልድዩ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ማለት አለበት። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች ተዳፋት ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ ስለዚህ መውጫው ብቻ 66 ሜትር፣ መውረጃውም ያንኑ ያህል ነው። መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ እንዲያልፍ የመንገዱን ዋጋ የሚከፍለው እግረኛው ነው። የአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ ሲሠራም ይኸው ነበር፤ ሰው ድልድዩን ትቶ አጥሩን ሲዘል ያላየ የለም። ያንን የሠራው የቻይናው የመንገድና ድልድይ ኩባንያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ለትራፊክ የተከፈተውን 27 ኪሎ ሜትር የናይሮቢ ፈጣን መንገድ የሠራው። ከላይ የሚከፍል መኪና ይበራል፤ ከታች ሞምባሳ መንገድ ላይ እግረኛው ድልድይ ፍለጋ ይሄዳል።

ድልድዩ ቀን ቀን ገበያ ነው፤ ካልሲ፣ የስልክ ሽፋን፣ የተላጠ ሸንኮራ ይሸጥበታል። ነጋዴዎቹን የከተማው ደንብ አስከባሪዎች ሲያባርሯቸው አያለሁ፤ እኔ ግን ቢቆዩ እመርጣለሁ። ነጋዴ ያለበት ድልድይ ላይ ዓይን አለ። ከመሸ በኋላ ሻጩ ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድና መብራቱ ሲጠፋ ስልክን ከኪስ አለማውጣት፣ ብቻን አለመውጣት ነው። ሌሊት ሰው ከሥር የሚሮጠው መኪናውን ንቆ ሳይሆን ከላይ ያለውን ፈርቶ ነው።

ጉልበቷን የሚያማት አንዲት ጎረቤቴ ቲካ መንገድን ለመሻገር ብቻ ቦዳቦዳ ትይዛለች። ዞሮ መመለሻው ሩቅ ስለሆነ ሾፌሩ ይዟት የሚወጣው በእግረኛው ድልድይ ላይ ነው፤ ጡሩንባውን እየነፋ፣ እግረኛውን ዳር እያስያዘ።