ከዓመታት በኋላ ወደ ፕሮግራም ጽሕፈት የሚመለስ መምህር

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በአገር አቀፍ ደረጃ በይፋ ከተጀመረ ወዲህ፣ በወጣትነታቸው የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ተምረው ለረጅም ጊዜ የተዉ መምህራን ወደ ትምህርቱ ለመመለስ ሲያስቡ ይታያል። ይሁንና ብዙዎቹ «ሁሉንም ረስቼዋለሁ» ብለው ገና ሳይጀምሩ ያቆማሉ። ይህ አባባል በከፊል ብቻ እውነትነት አለው።

ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ የተረሳ የሚመስለውን ነገር ዳግም መማር ለመጀመሪያ ጊዜ ከመማር ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ከፕሮግራም ጸሐፊ አእምሮ ቶሎ የሚጠፋው የትእዛዞቹ ስምና የምልክቶቹ አቀማመጥ ነው። ችግርን ከፋፍሎ በቅደም ተከተል የማስቀመጥ ልማድ ግን፣ በተለይ ሒሳብ ሲያስተምር ለኖረ ሰው፣ አይጠፋም።

ተመላሹ ይበልጥ ሊጠነቀቅ የሚገባው ከሚያስታውሰው ነገር ነው፤ እርሱ በሌለበት ዘመን ቋንቋው ተለውጧልና። ፓይተን የተባለውን ቋንቋ እንውሰድ። ሦስተኛው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፤ ለሁለተኛው ይሰጥ የነበረው ድጋፍም በ2020 መግቢያ ላይ ተቋረጠ። በቀድሞው እትም 199 ለ4 ሲካፈል መልሱ 49 ነበር፤ ክፍልፋዩ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጣላል። በአዲሱ 49.75 ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ የሆነውን ወደ ላይ በሚያጠጋ ትምህርት ቤት ይህ ልዩነት አንድን ተማሪ ከማለፊያው ነጥብ በታች ያስቀራል። የድሮ የሮስተር ፕሮግራም ያስቀመጠ መምህር ካለ ይህን ይመርምር።

ለእኛ ግን ትልቁ ለውጥ በፊደላችን ላይ የታየው ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በዩቲኤፍ-8 አሠራር እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «አዲ አርቃይ» የሚለውን ስም በተራ አጻጻፍ ሰጥተን ርዝመቱን ብንጠይቀው፣ የቀድሞው ፓይተን ባይቶቹን ቆጥሮ 19 ይል ነበር፤ አዲሱ ስድስቱን ፊደላትና ክፍት ቦታውን ቆጥሮ 7 ይላል። የተማሪን ስም በ10 ቦታ የሚወስን የድሮ ፕሮግራም ሦስት ፊደልና አንድ የማይነበብ ስባሪ ብቻ ያስቀር ነበር። ዛሬ «ድምር» ወይም «አማካይ» ብሎ ተለዋዋጩን ራሱን በአማርኛ መሰየም እንኳ ይቻላል። ይህ ጸሐፊ ነገሩን ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ ሲሠራለት ግን ደጋግሞ ሞክሮታል።

ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅንና ሊማሊሞን አልፎ አዲ አርቃይ የሚደርስ ሰው ሥልጠናውን በኢንተርኔት ላይ ብቻ ቢመሠርት ይቸገራል። አካባቢው በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የጦርነት ቀጣና ሆኖ ነበር፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። ደግነቱ ፓይተን አንድ ጊዜ በፍላሽ ከመጣና ከተጫነ ያለ መስመር ይሠራል፤ መጻፊያውና የማብራሪያ ሰነዱም አብረውት ይመጣሉ።

ለመጀመሪያው ልምምድ የሚመረጠው የራስ ክፍል ሮስተር ነው። መምህሩ ስሌቱን በቅድሚያ በወረቀት ዘርዝሮ ይጻፍ፤ ከዚያም ፕሮግራሙ ያወጣውን አማካይ በእጅ ከተሠራው ሮስተር ጋር መስመር በመስመር ያመሳክር። ልዩነት የታየበት ተማሪ ካለ፣ ውጤቱ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ከመተላለፉ በፊት እንደገና በእጅ ይሰላ።